ያለ ኖቲስ ሥራ ስለቅ ላይሰንሴን የጠበቀው ምንድን ነው?

«ያለ ቱ ዊክ ኖቲስ ከወጣሽ ቦርዱ ላይሰንስሽን ይቀማሻል።» ሥራ ስትለቂ ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ ካላሳወቅሽ የነርሶች ቦርድ የሥራ ፈቃድሽን ይነጥቅሻል ማለት ነው። ዳላስ አካባቢ ነርስ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሳትሰሙ አትቀሩም። ለእኔም ስንት ሰው ብሎኛል። በዚህ ፍርሃት ብቻ ጤናቸውን በሚጎዳ፣ ሙያቸውን በሚያበላሽ ቦታ የቆዩ እህቶችና ወንድሞች አውቃለሁ። ማታ ማታ እያለቀሱ ወደ ሥራ የሚነዱ አሉ። «ትንሽ ልታገስ፣ ላይሰንሴ ይበልጥብኛል» ይላሉ።

እኔ ከአንድ ናርሲንግ ሆም (የአዛውንቶች መንከባከቢያ ቤት) ያለ ኖቲስ ወጥቻለሁ። ላይሰንሴ ዛሬም ንጹሕ ነው። ይህ የሆነው ዕድል ስለቀናኝ አይደለም። ከመውጣቴ በፊት ደንቡን አንብቤ፣ በደንቡ መሠረት ስለወጣሁ ነው። ያነበብኩትንና ያደረግኩትን የምጽፈው ያው ጭንቀት ውስጥ ላላችሁ ነው።

ነርስነትን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እዚያም በግል ሆስፒታል ሠርቻለሁ። አገር ቤት ነገሩ በሕግ የተጻፈ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ሳይሰጥ ከወጣ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል፤ ካሣው ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። በሰብዓዊ ክብሩ ላይ በደል ከደረሰበት፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ከተፈጸመበት፣ ወይም አሠሪው እያወቀ ለአደጋ ካጋለጠው ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ያው አዋጅ ይፈቅድለታል። ብዙዎቻችን ይህን አስተሳሰብ ይዘን ነው አሜሪካ የምንገባው። ኖቲስ የመንግሥት ሕግ ይመስለናል።

ቴክሳስ ግን እንዲህ አይደለም። እዚህ አሠሪውም ሠራተኛውም በፈለጉት ቀን መለያየት ይችላሉ። ሁለት ሳምንት አስቀድመህ ተናገር የሚል የክልሉ ሕግ የለም። ቱ ዊክ ኖቲስ የሚባለው ልማድና የየድርጅቱ ፖሊሲ ነው። ፖሊሲውን ካላከበራችሁ ድርጅቱ በራሱ መንገድ ሊቀጣችሁ ይችላል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። የነርስ ላይሰንስ ግን የድርጅቱ አይደለም። ላይሰንስ የሚሰጠውም የሚነሣውም ኦስቲን ያለው የቴክሳስ የነርሶች ቦርድ ነው። ቦርዱ ደግሞ በሠራተኛና በአሠሪ ጠብ ውስጥ አይገባም። እሱን የሚያሳስበው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በሽተኛው በማን እጅ ነበር?

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሥራ መልቀቅ አንድ ነገር ነው፣ በሽተኛ ጥሎ መሄድ ሌላ ነገር ነው። የነርሶች ዳይሬክተሮች ሆን ብለው ይሁን ሳያውቁ ሁለቱን ያደባልቋቸዋል። «ፔሸንት አባንደንመንት (በሽተኛ ጥሎ መሄድ) ነው» የሚለው ማስፈራሪያ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

የቴክሳስ ቦርድ ደንብ 217.11 አንድ ነርስ ተረኛ የሆነበትን ሥራ ትቶ ሲሄድ ለሚመለከተው ኃላፊ የማሳወቅ ግዴታ ይጥልበታል። ቦርዱ በዚሁ ጉዳይ ላይ ያወጣው ቁጥር 15.6 የሚባል የአቋም መግለጫም አለ። በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። እባካችሁ ራሳችሁ አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። እኔ ሦስት ጊዜ ብጠየቅ ሦስት ጊዜ የምመክረው እሱን ነው፣ ከጓደኛ ወሬ ይሻላል። ላይሰንስን አደጋ ላይ ሊጥሉ ይችላሉ ብሎ ከጠቀሳቸው ውስጥ እነዚህ አሉ፦ ልትንከባከቧቸው ለተቀበላችኋቸው በሽተኞች ለሚተካችሁ ሰው ሪፖርት ሳትሰጡ መሄድ፤ መጨረሻ ማድረግ ያለባችሁን ምርመራ ሳታደርጉና ሳትጽፉ መውጣት፤ ኃላፊነቱን ለሚገባው ሰው ሳታስረክቡ መሄድ። ሕንፃው ውስጥ ሆኖ መተኛትም እዚያው ተጠቅሷል። በአካል አለህ፣ ለበሽተኛው ግን የለህም ማለት ነው።

ልብ በሉ። ሁሉም «ተቀብያለሁ» ካላችሁ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ሪፖርት ሰምታችሁ፣ የመድኃኒት ጋሪውን ቁልፍ ይዛችሁ፣ በሽተኞቹ የእናንተ ሆነዋል። ከዚያ ወዲያ በር ከፍቶ መውጣት አይቻልም። የነገው ሺፍት ግን ገና አልተቀበላችሁትም። ስማችሁ ስኬጁል ላይ ስለተጻፈ ብቻ የነገዎቹ በሽተኞች በእጃችሁ ገብተዋል ማለት አይደለም።

በዚያ ናርሲንግ ሆም ሥራዬ የሌሊት ነበር። ከማታው 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። ስገባ ጥሩ ነበር። በየክንፉ አንድ አንድ ነርስ፣ በቂ ሲ.ኤን.ኤ (የነርስ ረዳት) ነበረን። ከዚያ አስተዳደሩ ተቀየረ። ሰው መልቀቅ ጀመረ፣ በቦታው የሚቀጠር ጠፋ። ቀስ በቀስ ሌሊት ላይ ሁለት ክንፍ በአንድ ነርስ መሸፈን ልማድ ሆነ። አንዱ ጋ የኢንሱሊን ሰዓት ሲደርስ ሌላው ጋ ሰው ይወድቃል። ሲ.ኤን.ኤዎቹ ስላነሱ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ያለባቸው አዛውንቶች ሳይገላበጡ ያድራሉ። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀላ ይላል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ከዚያ አጥንት እስኪታይ ይበላል። ይህን ያየ ሰው አይረሳውም።

ለነርሶች ዳይሬክተሯ በኢሜይል ጻፍኩ። ደግሜ ጻፍኩ። ሁልጊዜ በጽሑፍ፣ ሁልጊዜ ቀንና ሰዓት እየጠቀስኩ፣ የበሽተኛ ስም ግን ሳልጽፍ። መልሱ «እየቀጠርን ነው» ነበር።

አንድ ማታ ስገባ ከሁለቱ ክንፎች ሌላ አዲስ የገቡ በሽተኞችም ጨመሩብኝ። ያን ቀን ሴፍ ሃርበር የሚባለውን የነርስ የሕግ ከለላ ጠየቅኩ። ቴክሳስ የምትሠሩ ነርሶች ይህን ሕግ የማታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ አንብቡት። የተሰጣችሁ ሥራ ለበሽተኛው ያለባችሁን ግዴታ የሚያስጥስ ነው ብላችሁ በቅን ልቦና ካመናችሁ፣ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ወይም በመሐል የሥራው ሁኔታ ሲቀየር፣ በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። ቦርዱ የራሱ ቅጽ አለው። ጊዜ ከሌለ በማንኛውም ወረቀት ላይ ስማችሁን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሥራውን የሰጣችሁን ሰው ስምና ምክንያቱን አጭር አድርጋችሁ ጽፋችሁ ለኃላፊው ትሰጣላችሁ። ሙሉውን ደግሞ ሺፍቱ ሳያልቅ ትሞላላችሁ። ጉዳዩን የነርሶች ፒር ሪቪው ኮሚቴ (ነርሶች የነርስን ሥራ የሚገመግሙበት) ያየዋል። በቅን ልቦና ያደረገው ነርስ ከአሠሪው በቀልም፣ በዚያው ሥራ ምክንያት ላይሰንሱ ላይ ከሚመጣ ቅጣትም ጥበቃ አለው። የጠየቅኩትን ቅጽ ቅጂ ይዤ ቀረሁ። እናንተም ያዙ።

ያን ሌሊት ተጨማሪ ነርስ ተጠርታ መጣች። ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ፊት ነሡኝ። በመጨረሻም ለመውጣት ያስወሰነኝ ነገር መጣ። ቀን ላይ ያልተሠሩ የቁስል እጥበቶች በቻርቱ (በበሽተኛው መዝገብ) ላይ ባዶ ሆነው ያድሩ ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ጠርታ «ኢንስፔክሽን እየመጣ ነው፣ ያልተሞሉትን ሙዪአቸው» አለችኝ። እኔ ያላየሁትን ቁስል፣ እኔ በሌለሁበት ሰዓት፣ እንዳጠብኩ አድርጌ በስሜ እንድፈርም ማለት ነው። አልፈርምም አልኳት። በጽሑፍም እንደማልፈርም ጻፍኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ጥያቄ በሌላ ሰው በኩል መጣ።

ኖቲስ መስጠት ጥሩ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በፊት ከለቀቅኳቸው ቦታዎች ሁሉ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። ባልደረባ አይጎዳም፣ በሽተኛውም ከለመደው ሰው በድንገት አይለይም፣ ስምም ይጠበቃል። አለቃ ስለተቆጣ ወይም ሌላ ቦታ ሁለት ዶላር ስለጨመረ ብቻ በአንድ ቀን መውጣትን አልደግፍም። እኔ ግን ያሰላሁት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ብቆይ በእያንዳንዱ ሌሊት ወይ ሐሰት እፈርማለሁ፣ ወይ አልፈርምም ብዬ እጣላለሁ። ሐሰተኛ ቻርት መጻፍ ደግሞ ቦርዱ በቀጥታ የሚቀጣበት ነገር ነው። ኖቲስ አለመስጠት ላይሰንስ አያስነሣም፤ ሐሰተኛ ቻርት ግን ሊያስነሣ ይችላል። እዚያ ቤት መቆየቱ ነበር የበለጠ አደገኛው።

እዚያው በሲ.ኤን.ኤነት የምትሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ አንዲት ሐበሻ ነበረች። እታለም ነው የምላት። የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። «ልጄ፣ ሂጂ፤ ግን ሽማግሌዎቹን ለሰው አስረክበሽ ሂጂ» አለችኝ። ደንቡ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ።

የመጨረሻውን ሌሊት በዝርዝር የምጽፈው ፈተናው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ደብዳቤዬን ቤት ጽፌ ነበር የገባሁት። ሐሳቤ ጠዋት ለምትተካኝ ነርስ አስረክቤ፣ ከዚያ ደብዳቤውን መላክ ነበር። ሊነጋ ሲል ስልክ ተደወለ። የጠዋቷ ነርስ ታማ አትመጣም። ሱፐርቫይዘሯ «ሰው እስኪገኝ ቆዪ» አለች። መቼ እንደሚገኝ አልነገረችኝም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ተናዶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይወጣል። ያ በትክክል በሽተኛ ጥሎ መሄድ ነው። የድካማችሁ ልክ፣ የአለቃችሁ ክፋት፣ የቤቱ ብልሹነት ያን አይለውጠውም። እኔ የማውቃት አንዲት ልጅ ሌላ ከተማ ላይ በእኩለ ሌሊት እንዲህ ወጥታ ከቦርዱ የምርመራ ደብዳቤ ደርሷታል። ጠበቃ ይዛ ብዙ ተንገላታለች።

እኔ ያደረግኩት ይህ ነው። ለሱፐርቫይዘሯ በስልክ፣ ቀጥሎም በጽሑፍ መልእክት፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሠርቻለሁ፣ ከዚህ በላይ መድኃኒት በደኅና መስጠት አልችልም፣ የሚረከበኝ ነርስ ላኩልኝ፤ እስኪመጣ ከበሽተኞቼ አልለይም» አልኩ። ከዚያ ለዳይሬክተሯ ደወልኩ። አላነሣችም፤ መልእክት ተውኩ። ከዚያ ለአድሚኒስትሬተሩ (ለቤቱ ዋና አስተዳዳሪ) ደወልኩ። የእያንዳንዱን ጥሪ ሰዓት ጻፍኩ። እየጠበቅኩ ሳለ ሥራዬን አላቆምኩም። የጠዋት ስኳር ለካሁ፣ ሌሊት ትኩሳት የነበረባቸውን ሴትዮ እንደገና አየሁ፣ ለሐኪም ደውዬ ያገኘሁትን ትእዛዝ ጻፍኩ።

ዳይሬክተሯ ራሷ መጣች። እሷም አር.ኤን (ሬጅስተርድ ነርስ) ናት፤ ልትረከበኝ ትችላለች። በሽተኛ በበሽተኛ ሪፖርት ሰጠኋት። ማን ወደቀ፣ ማን አልበላም፣ የማን ቁስል ተባባሰ፣ የማን የላብ ውጤት ይጠበቃል፣ የማን ቤተሰብ ሊደወልለት ይገባል። ለመቸኮል ሞከረች፤ እኔ ግን አልቸኮልኩም።

ቀጥሎ ናርኮቲክ፣ ማለትም ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን የሕመም ማስታገሻዎች፣ ቆጠርን። ይህን በደንብ ልናገር። ሪፖርት ሰጥተው ቆጠራውን ዘልለው የሚወጡ አሉ። ዛሬ ያለ ቆጠራ ከወጣችሁና ነገ አንድ ሃይድሮኮዶን ቢጎድል የመጨረሻው ፊርማ የእናንተ ነው። እናንተ ደግሞ ሥራ የለቀቃችሁ፣ የተቆጡባችሁ፣ ራሳችሁን ለመከላከል እዚያ የሌላችሁ ሰዎች ናችሁ። መድኃኒት ሰርቃለች መባል ኖቲስ ካለመስጠት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ካርዱን በካርዱ፣ ፍሬውን በፍሬው ከተረካቢው ጋር ቁጠሩ። ሁለታችሁም ፈርሙ። ቁልፉን በእጅ ስጡ፤ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ።

የቀረኝን ቻርት ጨረስኩ። ለማን፣ በስንት ሰዓት እንዳስረከብኩ በመጨረሻው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። የመውጫ ሰዓቴን መዘገብኩ። ከዚያ ብቻ ደብዳቤውን ሰጠኋት። ባጄንም አብሬ።

ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። ስሜ፣ የሥራ መደቤ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ መልቀቄ፣ የሺፍቴን በሽተኞች ሙሉ በሙሉ ማስረከቤ። ቅሬታ አልጻፍኩበትም። ማንንም አልከሰስኩበትም። ያንኑ በኢሜይል ለዳይሬክተሯና ለሰው ኃይል ክፍሉ ላክሁ፣ ለግል አድራሻዬም ቅጂ አስቀረሁ። ማታ ሺፍት እንደነበረኝ አውቃለሁ። ሙሉ ቀን አላቸው፤ ለምሽቱ ከኤጀንሲም ቢሆን ሰው መፈለግ ይችላሉ።

«ይህ አባንደንመንት ነው፣ ለቦርድ ሪፖርት አደርግሻለሁ» አለችኝ ዳይሬክተሯ። ድምፄን አልጨመርኩም። «ሪፖርት ተቀብለሽኛል፣ ቆጠራውንም አብረን ፈርመናል» ብዬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ በደንብ አለቀስኩ። ለሥራው አልነበረም። ሌሊት ሌሊት እጄን ይዘው የሚያወሩኝ አዛውንቶች ነበሩ። ደኅና ሁኑ ሳልላቸው መውጣቴ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከቦርዱ ምንም አልመጣም። ቢመጣም ተዘጋጅቼ ነበር። የጥሪዎቹን ሰዓት፣ የሴፍ ሃርበሩን ቅጂ፣ የጻፍኳቸውን ኢሜይሎች በአንድ ፋይል አስቀምጬ ነበር። የራሴ የማልፕራክቲስ (የሙያ ስሕተት) ኢንሹራንስም ነበረኝ። ብዙዎቹ ላይሰንስ ላይ ክስ ሲመጣ ለጠበቃ ይከፍላሉ፤ ስትገዙ ይህ መኖሩን ጠይቁ። አሠሪው ያለው ኢንሹራንስ አሠሪውን እንጂ በቦርድ ፊት እናንተን ለመከላከል የተገዛ አይደለም። ደብዳቤ ከደረሳችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ፣ በንዴትም አትመልሱ። የነርስ ላይሰንስ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ፈልጉና በተባለው ጊዜ ውስጥ መልሱ። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ማስረጃ ፍለጋ የበሽተኛ ቻርት ፎቶ አንሥታችሁ እንዳትወጡ። የበሽተኛን ምስጢር ማውጣት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ ንጹሕ ጉዳያችሁን ያበላሸዋል።

ላይሰንስ ላይ የሚመጣ ቅጣት ግልጽ ሆኖ ይታያል። ማንም አሠሪ ነርሲስ በሚባለው አገር አቀፍ የማረጋገጫ ድረ ገጽ ገብቶ ያየዋል። ቴክሳስ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በኮምፓክት (አንዱ ስቴት የሰጠው ላይሰንስ በሌላውም በሚሠራበት) ስምምነት ውስጥ ስለሆኑ አንዱ ጋ ተቀጥቶ ሌላው ጋ ሄዶ እንደ አዲስ መጀመር ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ደንብ አለው። እዚህ የጻፍኩት የቴክሳሱን ነው፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ የራሳችሁን ቦርድ አንብቡ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ያለ ኖቲስ መውጣት ዋጋ አለው፤ ዋጋው ግን በላይሰንስ ሳይሆን በኪስ ነው የሚከፈለው። የተጠራቀመ የዕረፍት ክፍያዬን አልከፈሉኝም። ቴክሳስ ውስጥ የዕረፍት ጊዜ ገንዘብ የሚከፈለው የድርጅቱ የጽሑፍ ፖሊሲ እከፍላለሁ ካለ ብቻ ነው። የእነሱ ደግሞ ኖቲስ ለሰጠ ብቻ ይላል። ይህን አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር አልተገረምኩም። የሠራችሁበትን ደመወዝ ግን ማንም ሊይዝባችሁ አይችልም። ራሱ የለቀቀ ሠራተኛ በሚቀጥለው መደበኛ የክፍያ ቀን ሊከፈለው ይገባል። ካልከፈሉ ለቴክሳስ ዎርክፎርስ ኮሚሽን አመልክቱ፤ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ።

«አይቀጠርም» የሚል ምልክት ስማችሁ ላይ ሊያደርጉ ይችላሉ። አንድ ድርጅት ብዙ ናርሲንግ ሆም ሊኖረው ስለሚችል ከተማው ውስጥ ሌሎች በሮችም አብረው ሊዘጉ ይችላሉ። ከመውጣታችሁ በፊት የማን ንብረት እንደሆነ እወቁ። የጤና ኢንሹራንሳችሁ መቼ እንደሚቋረጥም ጠይቁ። አንዳንዱ በዚያው ቀን፣ አንዳንዱ በወሩ መጨረሻ ያቆማል። ያንኑ ኢንሹራንስ በራስ ክፍያ የሚያስቀጥለውን፣ ኮብራ የሚባለውን ለመምረጥ 60 ቀን ይሰጣል። ከመረጣችሁና የኋላውን ክፍያ ከከፈላችሁ ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ይጀምራል። ልጅ ያላችሁ ይህን አትርሱ። የሥራ አጥነት ክፍያ ግን ራሱ ለለቀቀ ሰው በቀላሉ አይሰጥም። ከሥራው ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት እንደነበራችሁ ማሳየት አለባችሁ፤ የጻፋችኋቸው ኢሜይሎች እዚያም ይጠቅማሉ።

ሳይን ኦን ቦነስ (ሲቀጠሩ የሚሰጥ ጉርሻ) የወሰዳችሁ፣ ወይም በኤጀንሲ ስፖንሰርነት ከአገር ቤት የመጣችሁ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ውላችሁ ይህን ያህል ጊዜ ካልሠራህ ይህን ያህል ትመልሳለህ ሊል ይችላል። ይህ የውል ጉዳይ እንጂ የቦርድ ጉዳይ አይደለም። ያም ሆኖ ከመፈረማችሁም ከመልቀቃችሁም በፊት ውሉን ለጠበቃ አሳዩ። ቪዛችሁ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ አንድ እርምጃ አትራመዱ።

ሆስፒታል የምትሠሩ አንድ ተጨማሪ ጥበቃ አላችሁ። የቴክሳስ ሕግ ሆስፒታሎች ነርስን በግዴታ ኦቨርታይም እንዳያሠሩ ይከለክላል። ሕጉ ናርሲንግ ሆምን አያካትትም፤ ለዚህ ነው ያን ጠዋት እሱን ያልጠቀስኩት። ሆም ሄልዝ (በሽተኛው ቤት ሄዳችሁ) የምትሠሩ ደግሞ ከእኔ የበለጠ መጠንቀቅ አለባችሁ። ሕንፃ ውስጥ ሌላ ነርስ አለ። አንድ ቤት ውስጥ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ሕፃን የሚጠብቃችሁ ከሆነ ግን እናንተ ካልሄዳችሁ የሚተካ ላይኖር ይችላል። ቦርዱ ተተኪ በማይገኝበት ሥራ ላይ ሳይናገሩ መቅረትን ከአባንደንመንት ምሳሌዎች ውስጥ ቆጥሮታል። እዚያ ያለ ኖቲስ መውጣት ቢያስፈልግ እንኳ ኤጀንሲው ሰው ለመተካት የሚበቃው ጊዜ መስጠት ግድ ነው።

ሲ.ኤን.ኤ ለሆናችሁም እንዲሁ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚሠራው በዚህ ስለሆነ ማለፍ አልፈልግም። በነርሶች ቦርድ ሥር አይደላችሁም። ግን የናርስ ኤይድ ሬጅስትሪ አለ፣ የሠራተኞች ጥፋት መዝገብም አለ። በሽተኛን በመበደል ወይም ችላ በማለት እዚያ የተመዘገበ ሰው ናርሲንግ ሆም ውስጥ መቀጠር አይችልም። ስለዚህ እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት ለተረኛዋ ነርስ ንገሩ። በሽተኞቻችሁን ለሚተካችሁ ሰው አስረክቡ፣ የትኛው በሽተኛ ለማን እንደተላለፈም ጻፉ።

የቤቱን ነገር ዝም ብዬ አልተውኩትም። ከወጣሁ በኋላ ናርሲንግ ሆሞችን ለሚቆጣጠረው ለቴክሳስ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት ኮሚሽን አቤቱታ አቀረብኩ። ስማችሁ እንዳይገለጽ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ስሜን ሰጠሁ፤ ነርስ በቅን ልቦና ላቀረበው ጥቆማ ሕጉ ከበቀል ይጠብቀዋል።

ሥራ ፍለጋ ላይ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው «ለምን ለቀቅሽ?» ነው። «የነርሶች ቁጥር ለበሽተኞቹ ደኅንነት አልበቃ ስላለ፤ በጽሑፍ አሳውቄ ስላልተስተካከለ» እላለሁ። ይኸው ነው። የቤቱን ገመና አላወራም። ሁለተኛው «ኖቲስ ሰጥተሽ ነበር?» የሚል ሣጥን ነው። እውነቱን ሙሉ፤ አልሰጠሁም በሉ። ማመልከቻ ላይ መዋሸት በኋላ ያስባርራል። አሁን የምሠራበት ሆስፒታል ማናጀር ይህንኑ ጠይቃኝ፣ የመጨረሻው ጠዋት ላይ ለማን እንዳስረከብኩ ነበር ቀጥላ የጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከቀድሞው ቤት የማጣቀሻ ምስክር የሆነችልኝም አለቃዬ ሳትሆን አብራኝ ሌሊት ትሠራ የነበረች ቻርጅ ነርስ (የተረኞች ኃላፊ ነርስ) ናት። እንዲህ ያለ ሰው ከመውጣታችሁ በፊት አስቡ፣ ስልኳንም ያዙ።